የግራ ፈትል

ባለፈው መስቀል ደብረ ታቦር እማዬ ቤት ነበርሁ። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሣ፣ «ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጋቢ ፀሐይ አስመችልኝ፤ ብል እንዳይበላው» ብላኝ ወጣች። አውጥቼ ግቢው ገመድ ላይ አሰጣሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቼ ልገለብጠው ስጠጋ ሽታው ያዘኝ። ፀሐይ የመታው ጥጥ የራሱ ሽታ አለው። ደረቅ ነው፤ ግን ከውስጡ ትንሽ የዘይት ነገር አለበት፣ ከፍሬው የተረፈ፣ ስንት ጊዜ ቢታጠብ የማይለቅ። ያ ሽታ የእማሆይ አትጠገብ ክፍል ሽታ ነው። የጋቢውን ጫፍ በግራ እጄ እንደ ያዝሁ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ተመልሼም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንሁ።

እማሆይ አትጠገብ በአክስቴ ግቢ ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ይኖሩ የነበሩ መነኩሲት ናቸው። ዘመዳችን አልነበሩም፤ ግን በምን ከዘመድ እንደሚያንሱ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እማዬ ለሥራ አረብ አገር ስትሄድ እኔን ለታላቅ እህቷ ለእታለም አደራ ሰጥታ ነበር። እታለም አክስቴ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ድምፅዋ ሦስት ቤት ያልፋል፣ እንባዋ ግን ከድምፅዋ ይቀድማል። በዚያ ዓመት እማዬ ለመስቀል እንደምትመጣ ነግራን ነበርና እታለም ቤቱን ልታስለስን፣ አጥሩን ልታሳድስ፣ ለእህቷም ጋቢ ልታሠራ ደፋ ቀና ትላለች። «ከዚያ ከሚያቃጥል አገር መጥታ የደብረ ታቦር ብርድ ሲያገኛት ልትታመምብኝ ነው» ትል ነበር። ክሩን የሚፈትሉት እማሆይ ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት በተዘጋበት ዕለት ነው። ሰኔ ሊወጣ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ገና ሰዓትም አልሞላው። ካርዴን ተቀብዬ ሰባተኛ መውጣቴን ሳይ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድሁት። የደብረ ታቦርን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ቁልቁለት በሩጫ አይወርድም። እኔም አውቅ ነበር፤ ደስታ ግን የሚያውቁትን ያስረሳል። ቦዩ አጠገብ ስደርስ እግሬ ከዳኝ። ስወድቅ ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርዱን ጭቃ እንዳይነካው። ቀኝ እጄን ከነካርዱ ወደ ላይ እንዳነሣሁ በግራ እጄ ላይ አረፍሁ። ካርዱን ጠብታ እንኳ አልነካውም። ግራ እጄ ከክርኑ በታች ቀጭ አለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ማለት ይህ ነው!» አለች እታለም፣ እያለቀሰችም እየተቆጣችም። «ለሰባተኛ እጅ ይሰበራል? አንደኛ ብትወጭማ አንገትሽን በሰበርሽው!»

እታለም እንደ ብዙው የሰፈራችን ሰው አጥንት የወጌሻ ነው ብላ የምታምን ናት። ባጃጅ ተልኮ አያ ጫኔ መጡ፤ ቀጭን፣ እጃቸው ግን ሰፊ የሆነ ሽማግሌ። ቅቤ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱኝ፣ ዳበሱኝና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። «ውጭ የሚጮኸው ማነው?» አሉኝ። ለመስማት ዞር ስል ሳቡት። የጮኽሁት እኔ ነበርሁ።

በተሰነጠቀ ሸምበቆ ዙሪያውን ደግፈው በጨርቅ ጠፈሩትና አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። አርባ ቀን እንዳይፈታ፣ ውኃ እንዳይነካው አሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው ለእታለም ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገሩትን ግን ሰማሁት።

«አጥንቱስ ይገጥማል። ጣቶቿ ደንዝዘዋል። እኔ የምፈራው እጁ እንዳይሞት ነው።»

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «የሰው አደራ እኮ ናት፣ አያ ጫኔ! ለእናቷ ምን ብዬ አስረክባታለሁ?»

እኔ በሞት የማውቀው ሰውን ነው። ሰው ሲሞት ይገነዛል፣ ይለቀስለታል፣ ይቀበራል። ታዲያ እጅ ብቻውን ሲሞት እንዴት ነው የሚደረገው? እዚሁ አንገቴ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው የሚሞት? ለቅሶ ሲደረስ እኔ የምቀመጠው ከሐዘንተኞቹ ጋር ነው ወይስ ከሟቹ? ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን ተዝካሩ ነበር። ለአንድ እጅ ሙሉ ተዝካር ይወጣለታል ወይስ ግማሽ? ሁለት ቀን ይህን ሳብላላ ቆይቼ በሦስተኛው እማሆይ ክፍል ገባሁ።

«እማሆይ፣ እጅ ሲሞት ካህን ይፈታዋል?»

እማሆይ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። ኋላ ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት።

«አይ ልጀ! እጅ እንዲያ አይሞትም። እጅ የሚሞት ሥራውን ሲረሳ ነው። እኔ አንድ ክረምት ታምሜ ተኝቼ ስነሣ እንዝርት መያዝ አቅቶኝ ነበር።»

«ታዲያ የእኔ አርባ ቀን ታስሮ እንዴት አይረሳም?»

«ታስሮም በልብሽ አሠሪዋ። ዓይንሽን ጨፍኝና ሥራ እዘዥው።»

ጨፈንሁ። የታየኝ ጨለማ ነው፤ ከጨለማው ውስጥ አንድ ያበጠ፣ የከበደ፣ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። እጄ መሆኑንም እርግጠኛ አልነበርሁም። ዓይኔን ስገልጥ እንባዬ መጣ።

«እንቢ አለኝ፣ እማሆይ።»

«ምን ሥራ አዘዝሽው?»

«እንጃ። ሥራ ብቻ።»

«እኮ! ሥራ ብቻ የሚባል ሥራ የለም። ያላየሽውን ሥራ በልብሽ ከየት ታመጭዋለሽ? የቆሎ ተማሪ እንኳ መቋሚያ ከመያዙ በፊት ዝማሜውን ስንት ጊዜ ቆሞ ያያል። በይ ነይ፣ እኔ ስፈትል እይ። ዓይንሽ ይሥራ፣ እጅሽ ይስማ።»

የእማሆይ ክፍል መስኮት አልነበራትም፤ ብርሃን የምታገኘው በበሯ ነው። እሳቸው በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔን ከፊት ለፊታቸው አጎዛ ላይ አስቀመጡኝ። ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አይቀረውም። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ እንዝርት አይቻለሁ እንጂ ነክቼ አላውቅም ነበር።

እማሆይ በግራ እጃቸው አመልማሎውን፣ ያንን ለመፈተል የተጠቀለለ ለስላሳ ጥጥ፣ ይይዛሉ። ጭናቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ ያነጥፋሉ። ቀኝ መዳፋቸውን እንዝርቱ ላይ ጥለው ከጉልበታቸው ወደ ላይ ሳብ ያደርጉትና ይለቁታል። እንዝርቱ ሲሾር ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ከጥጡ ውስጥ ክር ይወጣል። ክንዳቸው ሲሞላ ክሩን እንዝርቱ ላይ ጠቅልለው እንደ ገና መዳፋቸውን ይጥላሉ። ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት አሰልችቶኝ ልሞት ነበር። ዝንብ ቆጠርሁ። የዝናቡን ጠብታ ቆጠርሁ። እማሆይ ግን አይለቁኝም፤ ዓይኔ ወደ በሩ ሲሄድ፣ «ሰርኬ፣ እጅሽ ጠፋ» ይሉኛል። ስሜ ሰርካለም ነው። ቀስ በቀስ ሳላውቀው አብሬያቸው መተንፈስ ጀመርሁ። መዳፋቸው ሲወርድ አየር እስባለሁ፣ እንዝርቱ ሲለቀቅ እለቃለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ፤ የቆርቆሮው ጩኸት ሌላ አላሰማ አለ። ዓይኔን ጨፈንሁ። እንዝርቱ በጨለማው ውስጥ ነበር። መዳፍ ወረደበት፣ ሳብ አደረገው። መዳፉ የእማሆይ አልነበረም። በሸምበቆው ውስጥ ግራ እጄ፣ አንድም ጣት ሳይነቃነቅ፣ ሥራውን ሠርቶ ሲያበቃ ታወቀኝ። ውስጡ ሞቀኝ።

«ሄደ!» ብዬ ጮኽሁ።

እማሆይ ምን እንደ ሄደ አልጠየቁኝም። «እሰይ!» አሉና ፈትላቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ እጄን መፈተን ልማድ ሆነብኝ። እማሆይን አይቼ ወዲያው ዓይኔን ስጨፍን እጄ በጥሪ ይመጣል። ከእታለም ጋር ገበያ ውዬ የመጣሁ ቀን ግን ይከብዳል፤ መዳፉ ይወርድና መንገድ ላይ ይቀራል። የፈራሁት ነገር የደረሰው ፍልሰታ ሲገባ ነው። እማሆይ ሱባኤ ሊይዙ ገሳይ አካባቢ ወዳለ ገዳም ሄዱ፣ ለአሥር ቀን። በመጀመሪያው ቀን እጄ ነበረ። በሁለተኛው እንዝርቱን ብቻ አየሁ። በአራተኛው ቀን ጨለማና ጨርቅ ብቻ ቀረ። እጄ ሞተ ብዬ ትራሴ ውስጥ አለቀስሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

የማየውን የሰው እንቅስቃሴ ሁሉ እጄን ላስይዘው ሞከርሁ። የባጃጁን ነጂ መሪ ሲያዞር አየሁት፤ አልሆነም። ጎረቤታችን ልብስ ስታሽ አየሁ፤ ትንሽ መጣና ጠፋ። ያን ጊዜ ነው እማዬ የደወለችው።

እማዬ በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ትደውላለች። እጄ ከተሰበረ ወዲህ ስልኩን የምትይዘው እታለም ናት፤ ከአገጬ በታች እንዳይታይ አድርጋ ከፊቴ ላይ ትደግነዋለች። «እንድትጨነቅ አንፈልግም፤ ስትመጣ ድኖ ታገኘዋለች» ትለኛለች።

«ለምንድን ነው ጉርድ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ተገትረሽ የምታወሪኝ?» አለች እማዬ። «እስቲ እጅሽን አሳይኝ።»

ቀኝ እጄን አወዛወዝሁላት።

«ሌላውንስ?»

የእታለም አውራ ጣት ስልኩን ዘጋው። እማዬ ተመልሳ ስትደውል እታለም፣ «ኔትወርኩ ነው፣ የክረምት ኔትወርክ ታውቂው የለ!» አለቻት። እኔ ፈጠን ብዬ፣ «እማዬ፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» አልኋት።

«እተኩሳለሁ። የሰዎቹ ልብስ ነው።»

«ስትተኩሽ ልይሽ።»

እማዬ ናፍቃኝ መሰላት፤ ናፍቃኝም ነበር። ስልኩን ፊት ለፊቷ የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ ሥራዋን ቀጠለች። ካውያው ሄደ፣ መጣ፣ አንገትጌው ላይ ቀስ አለ፣ እጅጌው ላይ ፈጠነ። የያዘችው በቀኝ እጇ ነው፤ እኔ ዘንድ ግን በግራዬ በኩል ነበር የሚሄድ። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ግራ እጄ መጣ። ከባድ ነበር፣ ሞቃት ነበር፣ እማዬ የያዘችውን ሸሚዝ ይተኩስ ነበር። በዚያ ቀን አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ ምናልባት ሩብ ሰዓት አየኋት። ስትሰናበተኝ፣ «ምነው እንዲህ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?» አለችኝ። «ታምሪያለሽ» አልኋት። እውነቴንም ነበር።

እጄ የተፈታው ለቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮሁ ከሩቅ ይሰማል። አያ ጫኔ ጨርቁን ሲፈቱት ከውስጡ የወጣው እጅ የእኔ አልመሰለኝም፤ የከሳ፣ የነጣ፣ የገረጀፈ ቆዳ የለበሰ፣ ሽታውም አይነሣ። እታለም አጠገባችን ቆማለች። እማሆይም በዚያው ቀን ከገዳም ገብተው ነበርና ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጣትሽን እጠፊ» አሉኝ አያ ጫኔ።

አዘዝሁት። ሁሉም እጄን ያዩታል። ከትንሿ ጣቴ ጫፍ በቀር የተነቃነቀ ነገር የለም።

«እጠፊ እንጂ ልጀ!»

እንደ ገና አዘዝሁ። ምንም። እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አያ ጫኔ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቅቤ እየቀባችሁ እሹት፣ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ሄዱ። የመጨረሻዋን ቃላቸውን አልወደድኋትም። ሽማግሌ እግዚአብሔር ያውቃል የሚለው እሱ ሳያውቅ ሲቀር እንደሆነ በዚያ ዕድሜዬም ገብቶኝ ነበር።

በማግስቱ እታለም ገበያ፣ እማሆይ ቅዳሴ ሄዱ። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። እማሆይ ክፍል ገብቼ አጎዛዬ ላይ ተቀመጥሁ። መደቡ ባዶ ነው። ትርፍ እንዝርታቸው ጥግ ላይ ነበርና አነሣሁት፤ ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም። ቆዳዋን ግራ ጭኔ ላይ አነጠፍሁ። ጥጡን በቀኝ እጄ ያዝሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ባዶው መደብ ላይ እማሆይን አስቀመጥኋቸውና መዳፋቸው እስኪወርድ ጠበቅሁ። ሲወርድ አብሬ ወረድሁ።

እንዝርቱ ተንቀሳቀሰ። ዓይኔን ስገልጥ ጭኔ ላይ ተንከባልሎ መሬት ወድቋል። ጣቶቼን ማንም ታጠፉ አላላቸውም፤ እነሱ ግን ታጥፈው ነበር።

ሠላሳ ጊዜ ወደቀ። ክር የሚባል ነገር የወጣው በአራተኛው ቀን ነው፤ እሱም አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን። ለማንም አልነገርሁም። ለምን ብትሉኝ፣ ሰው ፊት ሲሆን እጄ ይደነግጥ ነበር። እታለም ቅቤ እየቀባች፣ «እስቲ ጨብጭኝ» ስትለኝ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ እሷም ታለቅሳለች። እኔና እጄ ብቻችንን ስንሆን ግን ይፈትላል። ከፍልሰታም በኋላ እማሆይ ለኪዳን ሲሄዱ ጠዋት ጠዋት እየገባሁ ፈተልሁ። ጳጉሜን ሲገባ ሦስት ልቃቂት ሞላልኝ። የእማዬ ጋቢ ሲያልቅ፣ «እኔም አለሁበት» ብዬ ላስደንቃቸው አስቤ ሦስቱንም ከእማሆይ ልቃቂቶች ሥር ቀበርኋቸው። እታለም ሳታውቅ ሁሉንም በአንድ መሶብ አድርጋ ለሸማኔው አደረሰች።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በአራተኛው ቀን ሸማኔው አያ ኑርዬ ራሳቸው እማሆይ ክፍል ድረስ መጡ። አያ ኑርዬ ለብዙ ዘመን የእማሆይን ክር የሠሩ ሰው ናቸው። እታለምም እኔም እዚያው ነበርን። አያ ኑርዬ ከኪሳቸው ትንሽ ክር አወጡ።

«አንቱ እማሆይ፣ አይቆጡኝና፣ ደኅና ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው?»

«ክርዎ እኮ አይጋጠምልኝም። ሲበጠስብኝ ጫፍና ጫፉን ሳፍተለትለው እንደ ልማዱ ይያያዛል ስል ይተረተራል። እስቲ ይዩት፤ የተገመደው ወደ ግራ ነው። ስንት ዓመት ስሠራ የግራ ፈትል ገጥሞኝ አያውቅም። ደግሞም አባጣ ጎርባጣ ነው።» ሊያስቁ ፈልገው፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉናል፤ ይህ ግን ከሌላው ጋር አላብርም አለ» አሉ።

እማሆይ አልሳቁም። ክሩን ተቀብለው በጣቶቻቸው መካከል አንከባለሉት፣ ወደ ብርሃኑ ያዙት፣ እንደ ገና አንከባለሉት። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ።

«እጄ ከዳኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የማደርገውን አላውቅም ማለት ነው። እጄም ልቤም ከዱኝ።» ከዚያም ወደ እታለም ዞረው፣ «የእህትሽን ጋቢ አበላሸሁት፣ ልጀ፤ ይቅር በይኝ» አሉ።

እንዲህ ሲሉ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?» አለች እታለም።

«የፈተልሁት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

እታለም አላመነችኝም። ዋሽታ ልታድናቸው ነው ብላ አስባለች፤ ኋላ ነግራኛለች። አያ ኑርዬ ግን፣ «እስቲ አሳይን» አሉኝ። ትርፉን እንዝርት አመጣሁ። ሁሉም ያዩኛል፤ እጄ መድረቅ ጀመረ። ቀና ስል እማሆይ ከመደባቸው ላይ የራሳቸውን እንዝርት አነሡ። መዳፋቸውን ጥለው ጠበቁኝ። ሳብ ሲያደርጉ እኔም ሳብ አደረግሁ። ሁለቱ እንዝርቶች አብረው ሾሩ፤ የእሳቸው በቀኛቸው፣ የእኔ በግራዬ፣ መስታወት በመካከላችን የቆመ ይመስል።

እታለም እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ሠርግ መስሎት ወጣ። ከዚያ ዱካው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። አያ ኑርዬ ጢማቸውን እየደባበሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እማሆይ፣ ፊት ለፊትዎ አስቀምጠዋታል ለካ! እኔን አባቴ ሽመና ሲያስተምረኝ ከጎኑ ነው ያስቀመጠኝ፣ ትከሻ ለትከሻ። ፊት ለፊት ያየ ልጅ ሥራውን ገልብጦ ነው የሚይዘው።»

«ብርሃኑ በበሩ ስለሚገባ ነው» አሉ እማሆይ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ። ኋላ ግራ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መዳፉን ሳሙት።

«በሉ ይህን ለጧፍ ፈትል አድርጉት፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አለች እታለም እንባዋን እየጠረገች፤ ክሩን ለማለት ነው።

«ለጧፍማ አይሆንም!» አሉ እማሆይ። «ኑርዬ፣ የሚገባበት የለም?»

አያ ኑርዬ አሰቡ። «ለድር አይሆንም። ብቻውን ከተቀመጠ ግን በማግ ሊሄድልኝ ይችላል። ጫፉ ላይ አንድ ጋት ያህል ለብቻው አስገባዋለሁ።»

እማዬ የመጣችው የደመራ ዕለት ነው፣ ከባሕር ዳር በሚመጣ ሚኒባስ። እታለም ምን ብላ እንደምትነግራት ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመድ ሰንብታ ነበር። እማዬ ከመኪናው ወርዳ ገና ሳትስመኝ የሹራቤን ግራ እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። አጥንቱ የገጠመበትን ቦታ በአውራ ጣቷ አገኘችው።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል! ስታወሪኝ ግራ ትከሻሽ ሞቶ ነበር። እናትሽ እኮ ነኝ።» ጣቶቿን መዳፌ ውስጥ አስገባች። «ጨብጭኝ።»

ጨበጥኋት። እስኪያማት ድረስ ጨበጥኋት። እታለም የተለማመደችው ሁሉ ጠፍቷት ሁለታችንንም አቅፋ መናኸሪያው መካከል ታለቅሳለች፤ ረዳቱ ሻንጣ ይዞ፣ «እናንተ ሰዎች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላል።

ደመራው ተለኩሶ ስንመለስ እማዬን ብርድ አንቀጠቀጣት። እታለም ጋቢውን አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። እማዬ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ልትገባ ስለሆነ ብርሃኑ በአግድም ነው የሚመጣ። ያን ጊዜ ጋቢው ጫፍ ላይ ከነጩ ውስጥ ሌላ ነጭ ወጣ። ቀለም የለውም፤ ብርሃኑን ግን ወደ ሌላ በኩል ነው የሚመልሰው። ቀጥ ብሎ ላየው ሰው የለም፣ ዘንበል ላለ አለ።

«ይች መስመር ምንድን ናት? ሸማኔው ተሳስቶ ነው?» አለች እማዬ።

«ሸማኔውስ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁ» አሉ እማሆይ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯት፣ ተዝካሩን እንኳ ሳያስቀሩ። እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳውን የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሳስበው ግን፣ ልጀ፣ እንደ ደንቡ ከጎኔ አስቀምጫት ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሥራ በልቧ የምትሠራው ቀኟ ነበር። ለዚያች ለታሰረችው ምን ይደርሳት ነበር? ጥጥ መያዝ።»

እማዬ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ አንድ ጊዜ ሄደች፣ አንድ ጊዜ ተመለሰች። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻዋ አንሥታ ገለበጠችና ያንን ጫፍ ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችው። ዛሬም የምትለብሰው በዚያ በኩል ነው።